ደመወዛችሁ ላይ የሌለው መስመር፦ ከስታዲየም ወደ አራት ኪሎ የሚሄድ ጥያቄ

ስታዲየም አካባቢ ካሉት መድኃኒት ቤቶች አንዱ ደጃፍ ላይ ለ10 ደቂቃ ብቻ ቁሙ። ወረቀት ይዞ የሚገባ ሰው ታያላችሁ፣ ያንኑ ወረቀት ይዞ የሚወጣ ሰው ታያላችሁ። መድኃኒቱ የለም፣ ሌላ ቦታ ይጠይቃል። አንዳንዴ ደግሞ መድኃኒቱ አለ፤ ዋጋው ሲነገረው ግን ሰውዬው ስልኩን ያወጣና ወደ ጥግ ይሄዳል። ማን ጋ እንደሚደውል መገመት አይከብድም። ወንድም፣ እህት፣ የሥራ ባልደረባ፣ ውጭ ያለ ዘመድ።

ይሄ ሰው ብዙ ጊዜ ሥራ የሌለው ሰው አይደለም። ጥበቃ ነው፣ አስተማሪ ነው፣ ካሸር ናት፣ የቢሮ ጽዳት ናት። ደመወዝ አላቸው። ጡረታ ይቆረጥባቸዋል። መታመም ሲመጣ ግን የራሳቸው ኪስ ብቻ ነው ያላቸው።

ዛሬ የምናወራው ስለዚህ ሰው ነው። ስለ ሌላም ሰው እናወራለን፦ እሱን ወክሎ ፓርላማ ውስጥ ስለተቀመጠው።

አዲስ አበባ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 23 መቀመጫ አላት። ቂርቆስ፣ ካዛንቺስ፣ ስታዲየም አካባቢ የምንኖር ሰዎች ስማቸውን አወቅነውም አላወቅነውም ተወካይ አለን። ምርጫ ሲደርስ "ለማህበራዊ ፍትሕ እንሠራለን፣ የጤና አገልግሎቱን እናሻሽላለን" የማይል ዕጩ የለም። ቃሉ ጥሩ ነው፤ ችግሩ የሚጨበጥ ነገር የለውም። በ5 ዓመቱ መጨረሻ "ቃልህን ጠበቅክ ወይ?" ብለን መለካት አንችልም።

ስለዚህ ጥያቄውን ገልብጠን እንጠይቅ። አንድ የምክር ቤት አባል ለጤና ፍትሕ እውነት መሥራት ቢፈልግ ከምን ይጀምር?

የእኛ መልስ አጭር ነው። ከአዲስ ቃል አይጀምር። ራሱ ምክር ቤቱ በ2002 ዓ.ም. አጽድቆት በእንጥልጥል ከቀረው ሕግ ይጀምር።

ሁለት መድን፣ መሃል ላይ የቀረ ሰው

ኢትዮጵያ የጤና መድን ሥርዓቷን ያቀደችው በሁለት እግር ነው።

የመጀመሪያው የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው። በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይ እና በያኔው ደቡብ ክልል በ13 ወረዳዎች ተሞከረ፣ ከዚያ በመላ አገሪቱ ሰፋ፣ አዲስ አበባም ገባ። ይሄ መድን የታሰበው ለገበሬው እና መደበኛ ደመወዝ ለሌለው ከተሜ ነው። ጉልት ለምትቸረችረው፣ ሊስትሮ ለሚሠራው፣ የራሱን ትንሽ ሱቅ ለሚያንቀሳቅሰው። ቤተሰቡ በዓመት አንዴ መዋጮ ይከፍላል፣ ሲታመም ደብተሩን ወይም ካርዱን ይዞ ውል ወደተገባበት ጤና ጣቢያ ይሄዳል። መክፈል ለማይችለው መንግሥት ይከፍልለታል።

ሁለተኛው የማህበራዊ ጤና መድን ነው። ይሄኛው ለደመወዝተኛው ነው። አዋጅ ቁጥር 690/2002 ይባላል። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ ያዋጣል፣ አሠሪው ሌላ 3 በመቶ ይጨምራል፣ ጡረተኛው 1 በመቶ ይከፍላል። ገንዘቡ አንድ ቋት ውስጥ ይገባል፣ የታመመው ከዚያ ይታከማል።

የመጀመሪያው እግር ተራመደ። ሁለተኛው ግን "ይጀመራል" ተብሎ ቀን ተቆረጠለት፣ ተራዘመ፣ እንደገና ተቆረጠለት፣ እንደገና ተራዘመ።

ውጤቱ ይሄ ነው። ደመወዝ ስላለህ ለመጀመሪያው መድን "አንተ የኛ አይደለህም" ትባላለህ። የአንተ የተባለው ሁለተኛው ደግሞ ወረቀት ላይ ነው። ጥሩ ድርጅት ውስጥ የሚሠራ ሰው አሠሪው የግል ኢንሹራንስ ይገባለታል። የወር ደመወዙ የቤት ኪራይ የማይሸፍነው ጥበቃ ግን መሃል ላይ ቀረ።

አሁን የራሳችሁን የደመወዝ ወረቀት አውጡና እዩ። የገቢ ግብር የሚል መስመር አለ። የጡረታ መዋጮ፣ 7 በመቶ፣ እሱም አለ። አሠሪያችሁ 11 በመቶ ይጨምርበታል። የጤና መድን የሚል መስመርስ? የጠፋው መስመር እሱ ነው። ለማርጀት እየቆጠብን ነው። እስክናረጅ ድረስ ላለው መታመም ግን የቆጠብነው ነገር የለም።

"ቆይ፣ ደሞ ሌላ ቅናሽ?"

ብዙዎቻችሁ እዚህ ጋ "ጭራሽ ከዚችው ደመወዝ ላይ ሌላ 3 በመቶ?" እንደምትሉ እናውቃለን። ሕጉ የተጓተተበት አንዱ ምክንያትም ይሄው ነው። ሠራተኞች፣ በተለይ መምህራን፣ በየመድረኩ ተቃወሙት። ተቃውሞው ደግሞ ዝም ብሎ ስስት አልነበረም። ሁለት ነገር ነው የተናገሩት።

አንደኛ፣ ደመወዙ ራሱ አይበቃም። ሁለተኛ፣ የምንከፍልበት አገልግሎት የለም። መንግሥት ሆስፒታል ሄጄ መድኃኒቱን ከውጭ ግዛ፣ ምርመራውን ከውጭ አሠራ ከተባልኩ መድን የከፈልኩት ለምንድን ነው?

ሁለቱም እውነት ነው። እስቲ በቁጥር እንየው።

ከመስከረም 2018 ጀምሮ በተደረገው ማስተካከያ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛው ደመወዝ ከ4,760 ብር ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል። በዲግሪ የሚጀምር ሠራተኛ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ሄዷል። በ6,000 ብር ደመወዝ ላይ 3 በመቶ በወር 180 ብር ነው። አሠሪው 180 ይጨምራል፣ በዓመት ጠቅላላው 4,320 ብር ይሆናል። በ11,500 ብር ላይ ደግሞ የሠራተኛው ድርሻ በወር 345 ብር ነው።

180 ብር ለአንዳንዱ አንድ ምሳ ነው፣ ለሌላው የሳምንት የታክሲ ነው። ለ6,000 ብር ደመወዝተኛ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ግን በሌላ በኩልም አስቡት። ድንገት የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልግ፣ ልጅ ሳንባ ምች ይዞት ሆስፒታል ቢተኛ፣ የስኳር መድኃኒት በየወሩ መግዛት ግድ ቢሆን 180 ብር ምኑን ይሸፍናል? መድን ማለት ይሄ ነው። ዛሬ ያልታመመው ዛሬ ለታመመው ይከፍላል፣ ነገ ተራው ይዞራል። ዕቁብና ዕድር ለለመደ ሕዝብ ይሄን ማስረዳት አያስፈልግም። ዕድር ግን የሚደርሰው ከሞትን በኋላ ነው።

አሁን ያለው አማራጭ ደግሞ ነጻ አይደለም። በአገራችን ለጤና ከሚወጣው ገንዘብ ወደ ሲሶ የሚጠጋው የሚመጣው በቀጥታ ከታማሚው ኪስ ነው። ማለትም መድኑን እየከፈልን ነው፤ የምንከፍለው ግን በጣም በከፋው ቀን፣ ብቻችንን እና በብድር ነው።

ሐኪሙም እዚያው ሰልፍ ላይ ነው

በግንቦት 2017 በመንግሥት ሆስፒታሎች የሚሠሩ የጤና ባለሙያዎች ሥራ ማቆማቸውን ታስታውሳላችሁ። የደመወዝ ጥያቄ ነበር፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ ነበር። ከጥያቄዎቻቸው መካከል የራሳቸው ሕክምና ዋስትናም ነበረበት። ሰው የሚያክመው ሰው "እኔ ስታመም ማን ያሳክመኛል?" አለ። የታሰሩም ነበሩ።

ሥራ ማቆሙ ትክክል ነበር ወይ የሚለውን እያንዳንዱ ይፍረድ። የሆስፒታል አልጋ ላይ ለተኛ ሰው የሐኪም መጥፋት ቀልድ አይደለም። የሠራተኛ አዋጁም ሆስፒታልና ክሊኒክን ሥራ ከማይቆምባቸው አስፈላጊ አገልግሎቶች ውስጥ ነው የሚመድባቸው። ግን ሕጉ "አታቁም" ካለ "ታዲያ የት ልጠይቅ?" ለሚለውም መልስ ያስፈልገዋል። ያ ቦታ ምክር ቤቱ መሆን ነበረበት። ሐኪሙ በር ዘግቶ ከመውጣቱ በፊት ጥያቄው ተወካዩ ጠረጴዛ ላይ መድረስ ነበረበት።

ነገሩ የተያያዘ ነው። ሐኪሙ ሳይኖር መድን ቢጀመር ካርድ ይዘን ባዶ ክፍል ፊት ነው የምንሰለፈው። መድኃኒት ሳይኖር ቢጀመር ደግሞ ለዓመታት እንደነበረው ብሔራዊ ቡድናችን ነው የምንሆነው፦ ስታዲየም ነበረን፣ "የሜዳችን" ጨዋታ ግን ሰው አገር ነበር የሚደረገው። ወረቀቱ "ታክመሃል" ይላል፣ መድኃኒቱ የሚገዛው ውጭ ነው።

ካዛንቺስ የነበረ፣ አሁን የት ነው?

ከሰፈራችን ሌላም ነገር አለ። በ2017 በኮሪደር ልማቱ ካዛንቺስ ሲፈርስ ብዙ ጎረቤት ወደ ከተማዋ ዳር ሄደ። ስለ ልማቱ ብዙ ተብሏል፣ እኛ ዛሬ አንድ ነገር ብቻ እናንሳ። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ምዝገባ በወረዳ ነው። የምትከታተለው ጤና ጣቢያ፣ ፋይልህ ያለበት፣ የግፊት መድኃኒትህን በየወሩ የምትወስድበት፣ ሪፈር የምትባልበት መንገድ ሁሉ ከሰፈርህ ጋር የታሰረ ነው።

አንዲት እናት ከካዛንቺስ ስትነሳ የሚነሳው ቤቷ ብቻ አይደለም፣ የሕክምና መስመሯም ነው። ተወካዩ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ይሄ ነው፦ ሰዎች ሲዛወሩ የመድን መብታቸው በስንት ቀን ተከትሏቸው ሄደ? መሃል ላይ የተቋረጠበት ሰው አለ ወይ? ቤት ሲሰጥ የቁልፍ ርክክብ ይደረጋል። የጤና ርክክብስ?

ማህበራዊ ፍትሕ የሚባለው ትልቅ ቃል ወደ መሬት ሲወርድ እንዲህ ነው የሚመስለው።

ማንን ነው የምንጠይቀው?

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይምታታበታል፣ ስለዚህ እንለየው።

ጤና ጣቢያዎች እና እንደ ዘውዲቱ መታሰቢያ ያሉ ሆስፒታሎች የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ናቸው። እነሱን የሚመለከት ጥያቄ 138 መቀመጫ ላለው የከተማው ምክር ቤት ነው። ጥቁር አንበሳ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ቅዱስ ጳውሎስ በጤና ሚኒስቴር ሥር ነው፤ እነሱ የፌዴራል ናቸው። የጤና መድን አዋጁ፣ የሠራተኛ ሕጉ፣ የፌዴራል በጀቱ፣ የጤና ሚኒስትሩ ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጉዳይ ናቸው።

ምክር ቤቱ ውስጥ ጤናን፣ ማህበራዊ ልማትን፣ ባህልን እና ስፖርትን አንድ ላይ የያዘ ቋሚ ኮሚቴ አለ። ስለ ስታዲየሙም ስለ መድኃኒቱም የሚጠይቀው ያው አንድ ኮሚቴ ነው ማለት ነው።

አንድ የምክር ቤት አባል ብቻውን ምን ያመጣል? የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። በ2002ቱ ምርጫ ከአዲስ አበባ የተመረጡት አቶ ግርማ ሰይፉ 547 መቀመጫ ባለው ምክር ቤት ውስጥ ብቸኛው የተቃዋሚ ፓርቲ አባል ሆነው 5 ዓመት ተቀምጠዋል። አንድ ድምፅ ሕግ አያሳልፍም፣ ሕግ አይጥልም። ጥያቄ ግን መጠየቅ ይችላል፤ የተጠየቀ ጥያቄ ደግሞ ቃለ ጉባኤ ላይ ይቀራል። ከገዢው ፓርቲ ለተመረጠው አባል ደግሞ በሩ የበለጠ ክፍት ነው፣ ሚኒስትሩ የራሱ ሰው ነው። "አቅም የለኝም" ማለት አይችልም።

ሕገ መንግሥቱም ከጎኑ ነው። አንቀጽ 41 መንግሥት ለጤና እና ለትምህርት በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት የመመደብ ግዴታ አለበት ይላል። አንቀጽ 55 ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩን እና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅ ሥልጣን ይሰጠዋል። አንቀጽ 54 የምክር ቤት አባል የሚገዛው ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡ እና ለኅሊናው ነው ይላል። ፓርቲ የሚል ቃል ዝርዝሩ ውስጥ የለም።

ምክር ቤቱ ሲፈልግ ሕግ ኑሮ እንደሚቀይርም አይተናል። ቴሌቪዥን ላይ በየጨዋታው መሃል ይመጣ የነበረው የቢራ ማስታወቂያ የት ሄደ? በ2011 የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ነው ያስቀረው። ቤት ውስጥ ባሉ የሕዝብ ቦታዎች ሲጋራ ማጨስንም ያው አዋጅ ነው የከለከለው። የገቢ ግብር የማይከፈልበት የወር ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ ያለውም በምክር ቤቱ ድምፅ ነው።

ያልጨረሰውም አለ። በዚያው በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚያጠና የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ይላል። የሠራተኛ ማህበራት ኮንፌዴሬሽኑ ከዚያ ወዲህ በየሜይ ዴይው ዝቅተኛ ደመወዝ ይወሰን ሲል ነው የከረመው። ሕግ ማውጣት አንድ ነገር ነው። ያወጡትን ሕግ "የት ደረሰ?" ብሎ መከታተል ሌላ ነው፣ የሚቸግረንም እሱ ነው።

ጎረቤት ምን አስተማረን?

ጋና በእ.ኤ.አ. 2003 ብሔራዊ የጤና መድን ሕግ ስታወጣ ገንዘቡን ከደመወዝተኛው ብቻ አልፈለገችም። ዕቃ ሲሸጥ የሚከፈል 2.5 በመቶ የጤና መድን ቀረጥ ጨመረችበት። ሸክሙ ተከፋፈለ፣ ትንሽ ደመወዝ ያለው ላይ ብቻ አልወደቀም።

ኬንያ ደግሞ በጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. የድሮውን መድን ድርጅት አፍርሳ በአዲስ ተካችው፣ ከጠቅላላ ደመወዝ 2.75 በመቶ መቁረጥ ጀመረች። ቅነሳው በቀኑ ተጀመረ፣ አገልግሎቱ ግን ተንገዳገደ። ሰው ከፍሎ ሆስፒታል ሲሄድ ሲስተሙ አልሠራ አለ፣ ሆስፒታሎች ክፍያ አልደረሰንም አሉ፣ እምነቱ ላይ ጉዳት ደረሰ።

ትምህርቱ ግልጽ ነው። መጀመሪያ መድኃኒቱ፣ ከዚያ ቅነሳው። ከተገላበጠ ሕዝቡ "ሌላ ግብር" ነው የሚለው፣ አይፈረድበትም።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ

ተወካያችን የእኛን ምክር ቢሰማ የሥራ ዘመኑን በእነዚህ 4 ነገሮች ይለካ ነበር።

1. መድኃኒት። የጤና ሚኒስትሩ እና የመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ምክር ቤት ሲቀርቡ አንድ ቀላል ጥያቄ በየጊዜው ይጠየቁ፦ መሠረታዊ ከሚባሉት መድኃኒቶች ስንቱ ዛሬ የመንግሥት ጤና ተቋም መደርደሪያ ላይ አለ? መልሱ በተቋም በተቋም ተለይቶ ለሕዝብ ይውጣ።

2. የ2002ቱ አዋጅ። ወይ ይጀመር፣ ወይ ተሻሽሎ ይምጣ፣ ወይ "አልቻልንም" ተብሎ በግልጽ ይሻር። ከተጀመረ ዝቅተኛ ተከፋዩ 3 በመቶውን ሙሉ ይክፈል ወይስ መንግሥት ይደጉመው የሚለው በግልጽ ክርክር ይወሰን።

3. ሰውን የሚከተል መድን። ከካዛንቺስ የተነሳው፣ ከክልል ለሥራ የመጣው፣ ከሥራ የተቀነሰው፣ ከደመወዝ ወደ ራሱ ሥራ የተሸጋገረው መድኑ መሃል ላይ እንዳይቆረጥበት።

4. በጀት። የአፍሪካ መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2001 አቡጃ ላይ ከበጀታቸው 15 በመቶውን ለጤና ሊመድቡ ቃል ገብተዋል፣ እኛም አለንበት። የ2018 የፌዴራል በጀት 1.93 ትሪሊዮን ብር ነው። በየዓመቱ ረቂቁ ከሐምሌ በፊት ምክር ቤት ሲገባ የጤናው ድርሻ ስንት ነው፣ ካለፈው ዓመት ጨመረ ወይ፣ የሚል አንድ እጅ ይውጣ።

አንዳቸውም ተአምር አይደሉም። አንዳቸውም አዲስ ሕንፃ አይጠይቁም።

የእኛ ድርሻ

ምክር ቤቱ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ሰኔ 30 ነው የሚሠራው። በእረፍቱ ተወካዮች ወደ መራጮቻቸው ይወርዳሉ። እነዚህ ስብሰባዎች ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምናየው ትልልቅ ሰዎችን ነው፤ ወጣቱ የለም። እኛ ስልካችን ላይ ነን። ከዚያ "ማንም አይሰማንም" እንላለን። ግማሹ እውነት ነው፣ ግማሹን ደግሞ እኛው ነን ያደረግነው።

ስለዚህ 3 ነገር አድርጉ። የወረዳችሁ ተወካይ ማን እንደሆነ ዛሬውኑ አጣሩ። የሚቀጥለው መድረክ መቼ እንደሆነ ወረዳ ሄዳችሁ ጠይቁ። ስትሄዱ ደግሞ "ጤናው ይሻሻል" አትበሉ፤ እንደዚያ ከተባለ መልሱም "እየሠራን ነው" ነው የሚሆነው። ይልቅ የደመወዝ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ሂዱና "ይሄ መስመር የት ሄደ? ከ2002 ጀምሮ የት ደረሰ?" ብላችሁ ጠይቁ። ለእንዲህ ያለ ጥያቄ "እየሠራን ነው" መልስ አይሆንም። ቀን ነው መልሱ።

ዕጩዎች ሲመጡም ያንኑ ጠይቁ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ላይ ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ማንሳት ይችላል ይላል። እዚያ ድረስ መሄድ ላያስፈልግ ይችላል፤ የሚጠይቅ መራጭ እንዳለው ያወቀ ተወካይ በራሱ ይነቃል።

ከስታዲየም አራት ኪሎ ሩቅ አይደለም፣ በእግርም ይደረሳል። መድኃኒት ቤቱ በር ላይ የቆመው ሰውዬ ግን አሁንም እየደወለ ነው። የሚደውለው ለዘመድ ነው። ለተወካዩ መደወል እንደሚችል ማንም ነግሮት አያውቅም።

እናንተስ፣ የተወካያችሁን ስም ታውቃላችሁ?